ለተራራም ለከተማም የሚሆን ቀላል የወንዶች አፕሮች ጫማ አመራረጥ

አፕሮች ጫማ መጀመሪያ የተሠራው አለት ለሚወጡ ሰዎች ነው። ገመዳቸውንና ብረታ ብረታቸውን አዝለው ከመኪና መንገዱ እስከ ገደሉ ሥር ድረስ ይሄዱበታል። በዚያ መንገድ ላይ አፈር አለ፣ ጠጠር አለ፣ በእጅም በእግርም ተደግፈው የሚሻገሩት ቋጥኝ አለ። ስለዚህ ጫማው የሁለት ነገር ድብልቅ ሆነ። አካሄዱን ከስኒከር፣ አያያዙን ከአለት መውጫ ጫማ ወሰደ።

ዛሬ ገመድ ነክቶ የማያውቅ ሰውም ይገዛዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ቀላል ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ከጂንስ ጋርም ያምራል። ቅዳሜ ተራራ፣ ሰኞ ሥራ ቦታ። አንድ ጫማ ሁለት ሥራ ከሠራ ማን ይጠላል?

ችግሩ፣ ሁለቱ ሥራዎች እርስ በርስ ይጣላሉ። አለት ላይ እንዲይዝ ጎማው ለስላሳ መሆን አለበት፤ አስፋልት ደግሞ ለስላሳ ጎማ ይበላል። የድንጋይ ጠርዝ ላይ ለመቆም ሶሉ ደረቅ ማለት አለበት፤ ቀኑን ሙሉ ከተማ ለመዞር ግን የሚተጣጠፍ ሶል ይሻላል። ሁሉንም እኩል የሚያሟላ ጫማ የለም። ያለው ወደ አንዱ ያዘነበለ ጫማ ነው። ስለዚህ የአንተ እግር ወደየት እንዳዘነበለ ሳታውቅ የምትገዛው ጫማ ሎተሪ ነው።

መጀመሪያ፦ እግርህ የት እንደሚውል እወቅ

ሱቅ ከመግባትህ በፊት ያለፉትን ሁለት ሦስት ወራት መለስ ብለህ አስብ። እግርህ የት የት ረገጠ? ሥራ ቦታ፣ ደረጃ፣ አስፋልት፣ ከዚያ አልፎ አልፎ የጫካ መንገድ? ወይስ በየሳምንቱ ዳገት? ሰው ጫማ ሲገዛ ልቡ ያለው ሊወጣው በሚመኘው ተራራ ላይ ነው። ጫማውን የሚጨርሰው ግን በየቀኑ የሚረግጠው አስፋልት ነው።

ከአሥር እርምጃህ ስምንቱ ከተማ ውስጥ ከሆነ ለከተማ ያዘነበለ አፕሮች ፈልግ። ጎማው ጠንከር ያለ፣ ከተረከዝ ሥር ያለው ስፖንጅ ወፈር ያለ፣ ጣት ጋ ሰፋ ያለ ይሁን። ስካርፓ የተባለው ኩባንያ የሚሠራው ሞሂቶ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ማሰሪያው እስከ ጣት ድረስ ይወርዳል፣ ላዩ ሱዊድ (ገጹ ጸጉራም የሆነ ለስላሳ) ቆዳ ነው፣ መልኩ በሙሉ የአፕሮች ነው። የታሰበው ግን በዋናነት ለዕለት ተዕለት ነው። አለት ላይ ተአምር አትጠብቅበት።

አብዛኛው ጊዜህ የእግር ጉዞ ከሆነ መሃል ላይ ያለውን ምረጥ። የሶሉ ጥርስ የሚታይ፣ ጣት ጋ በጎማ የተከለለ፣ ሲጠመዘዝ እምቢ የሚል ጫማ ማለት ነው። ላ ስፖርቲቫ የተባለው ኩባንያ የሚሠራው ቲኤክስ 4 እዚህ መደብ ውስጥ በብዛት የሚነሳ ስም ነው። በእጅህ እየተደገፍክ አለት የምትወጣ ከሆነ ብቻ ጠበቅ ያለውን፣ ጫፉ ልሙጥና ደረቅ የሆነውን ውሰድ። እሱን ከተማ ውስጥ ቀኑን ሙሉ አድርገህ ዋል ቢሉህ ማታ እግርህ ይፈርድብሃል።

አፕሮች የማይሆንበት ቦታም አለ። በረዶ ላይ አይሆንም። ጭቃ በሚበዛበት ወቅትና አገር አይሆንም። ድንኳንና የብዙ ቀን ስንቅ አዝለህ ለቀናት የምትጓዝ ከሆነ ወፈር ያለ ቡት ይሻልሃል፤ ይህን ለማለት ማፈር የለብኝም፣ ጽሑፉ ስለ አፕሮች ቢሆንም።

ቀላል ማለት ስንት ግራም ነው?

ብዙዎቹ ቀላል የወንዶች አፕሮች ጫማዎች በ42 ቁጥር አንዱ እግር ከ275 እስከ 400 ግራም ድረስ ይመዝናል። ከ300 በታች ከሆነ በጣም ቀላል ነው። ከ450 ካለፈ ቀላል የሚለውን ስም አይሸከምም። ለማነጻጸር ያህል፣ ወፍራም የቆዳ የተራራ ቡት አንዱ እግር ብቻውን ከ600 ግራም በላይ ሊሆን ይችላል።

እግር ላይ ያለ ክብደት ጀርባ ላይ ካለው የተለየ ነው። እያንዳንዱ እርምጃ ላይ ታነሳዋለህ፣ ወደ ፊት ትወረውረዋለህ፣ መልሰህ ታቆመዋለህ። ቡት ላይ የተደረጉ ጥናቶች እግር ላይ ያለ 1 ኪሎ ጀርባ ላይ ካለ 5 ወይም 6 ኪሎ ጋር የሚመጣጠን ጉልበት እንደሚወስድ አሳይተዋል። በሩጫ በኩል ደግሞ በእያንዳንዱ ጫማ ላይ 100 ግራም ሲጨመር የሚወጣው ጉልበት በ1 በመቶ ገደማ ከፍ ይላል። ለአንድ ሰዓት ሽርሽር ይህ ምንም አይደለም። ለሙሉ ቀን ግን ማታ ላይ ጭንህ ይነግርሃል።

ክብደት ስታወዳድር ሁለት ነገር ተጠንቀቅ። አንዳንዱ ካታሎግ የሚጽፈው የአንዱን እግር ነው፣ አንዳንዱ የጥንዱን። ደግሞም የተመዘነው የትኛው ቁጥር እንደሆነ እይ። 45 ቁጥር የምታደርግ ከሆነ ያንተ ጫማ ከተጻፈው መክበዱ አይቀርም።

ከሁሉም በላይ ግን አንድ ጥያቄ ጠይቅ፦ ቅለቱ ከየት መጣ? ጫማ የሚቀለው አንድ ነገር ሲቀነስ ነው። ስፖንጁ ሳስቷል? የጣቱ የጎማ ከለላ ጠፍቷል? ቆዳው በጨርቅ ተተክቷል? የተቀነሰው ነገር አንተ የማትፈልገው ከሆነ ግዛው። የምትፈልገው ከሆነ ግን 50 ግራም ለማትረፍ ብለህ አትሙት።

ሶሉን ገልብጠህ እይ

ቀለሙንና ዋጋውን ለጊዜው እርሳው። ጫማውን ገልብጠው።

መጀመሪያ ጫፉን ተመልከት። ከአውራ ጣት ሥር ጥርስ የሌለው ልሙጥ ቦታ አለ? አፕሮችን ከሌላው የእግር ጉዞ ጫማ የሚለየው አንዱ ምልክት እሱ ነው። ትንሽ የድንጋይ ጠርዝ ላይ በጫፍህ ስትቆም ጥርስ ያለው ሶል ይወላውላል፤ ጥርሶቹ ሥርህ ይታጠፋሉ። ልሙጡ ግን ድንጋዩን ሙሉ ለሙሉ ይነካዋል። ይህ ቦታ ሰፊ ከሆነ ጫማው ወደ አለት ያዘነበለ ነው። ለእግር ጉዞና ለከተማ ትንሽ ልሙጥ ይበቃል፤ ጨርሶ ባይኖርም ብዙ አይጎድልብህም።

ከዚያ ጥርሶቹን እይ። የአፕሮች ጥርስ አጭርና ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ብዙ ጊዜ እንደ ክብ ነጠብጣብ የተደረደረ። ደረቅ አለት ላይ የሚጠቅመውም ይኸው ነው፤ ብዙ ጎማ መሬት ይነካል። ጭቃና እርጥብ ሣር ላይ ደግሞ ይኸው ጥቅም ጉዳት ይሆናል። ጭቃው በነጠብጣቦቹ መሃል ይጠቀጠቅና ሶሉ ባዶ ሰሌዳ ይሆናል። ከዚያ ቁልቁለቱን የምትወርደው በመቀመጫህ ነው። የምትሄድበት መንገድ አፈርና ቅጠል የሚበዛበት ከሆነ ጥርሱ ጠለቅ ያለ፣ በጥርሶቹ መካከል ጣትህን የሚያስገባ ክፍተት ያለውን ምረጥ።

ተረከዙ ጋ ደግሞ ጥርሶቹ ወደ ፊት የዞሩ፣ ጠርዛቸው ስለታም የሆነ መሆኑን አረጋግጥ። ቁልቁለት ላይ ፍሬንህ እሱ ነው። አንዳንድ ለከተማ የተሠሩ አፕሮች መሰል ጫማዎች እዚህ ጋ ለመልክ ብቻ የተቀረጸ ሶል አላቸው። በፎቶ አይለይም፣ በእጅ ስትዳስሰው ግን ወዲያው ይታወቃል።

ሶሉ ከላይኛው ክፍል ጋር የሚገናኝበትን መስመርም በጣትህ ተከተለው። ማስቲሹ ወጥቶ የሚታይ ወይም ክፍተት ያለው ከሆነ መልሰህ አስቀምጠው። አዲስ ሆኖ የተላቀቀ ሲያረጅ አይጣበቅም።

ጎማው፦ ነገሩ ሁሉ የሚወሰንበት

እ.ኤ.አ. በ1935 በጣሊያን አልፕስ ስድስት ተራራ ወጪዎች ሞቱ። ጫማቸው ለዚያ ብርድና ለዚያ አለት የሚሆን አልነበረም። ባልደረባቸው ቪታሌ ብራማኒ ከዚህ በኋላ የጎማ ሶል የመሥራት ሐሳብ ያዘ። በ1937 ከጎማ የተሠራ፣ ጥልቅ ጥርስ ያለው የተራራ ሶል ይዞ መጣ። ሶሉን የሚሠራው ኩባንያ ቪብራም ይባላል፤ ስሙ ከብራማኒ የራሱ ስምና ከቤተሰቡ ስም መጀመሪያ የተወሰደ ነው። በ1954 ኬ2 ተራራ ጫፍ ለመጀመሪያ ጊዜ የደረሱት ጣሊያኖች የረገጡት በቪብራም ሶል ነው።

አፕሮች ዛሬ የምናውቀውን መልክ እንዲይዝ ግን ሌላ ሰው አስፈልጓል። አሜሪካዊው ቻርልስ ኮል በ1985 ፋይቭ ቴን የተባለውን ድርጅት መሠረተና ስቴልዝ የተባለ የሚጣበቅ ጎማ ከስኒከር መሰል ጫማ ሥር አደረገ። አለት መውጫ ጎማ፣ መራመጃ ጫማ ሥር። ሐሳቡ ይህን ያህል ቀላል ነበር፤ ሌሎቹም ተከተሉት። አዲዳስ በ2011 ፋይቭ ቴንን ገዝቶታል።

ለስላሳ ጎማ ለምን እንደሚይዝ ማወቅ ሱቅ ውስጥ ይጠቅምሃል። አለት ለዓይን ልሙጥ ቢመስልም ገጹ ጥቃቅን ጎድጓዳና ጉብታ ነው። ለስላሳው ጎማ በክብደትህ ተጭኖ እነዚያ ጎድጓዶች ውስጥ ይገባል። ደረቁ ከላይ ይንሳፈፋል። ችግሩ፣ ያው ለስላሳነት አስፋልት ላይ ይፋቃል። በየቀኑ አስፋልት ለሚረግጥ ሰው በጣም የሚጣበቅ ጎማ በገንዘብ መቀለድ ነው። መጀመሪያ የሚያልቀው ደግሞ ያ የተወደደው ጫፍ ይሆናል። በነገራችን ላይ እንዲህ ያለው ጎማ ልሙጥ የቢሮ ወለል ላይ ጢጥ ጢጥ ይላል። ጸጥታ በሰፈነበት ኮሪደር ላይ ሁሉም ዞሮ ያይሃል።

ሶሉ ላይ ያለው ቢጫ ባለ ስምንት ማዕዘን የቪብራም ምልክት ብቻውን ብዙ አይነግርህም። ኩባንያው ብዙ ዓይነት ጎማ ይሠራል። የጎማውን ስም አንብብ ወይም ሻጩን ጠይቅ። ሜጋግሪፕ የሚለው እርጥብ ድንጋይ ላይ በመያዝ ይታወቃል፤ ለመራመድም አይከፋም፣ ስለዚህ ለሁለቱም ሥራ ለሚፈልግ ሰው ጥሩ መሃል ነው። ስሙን ካላገኘህ በጥፍርህ ጎማውን ጫን በለው። ጥፍርህ በቀላሉ ምልክት ትቶ ጎማው ቀስ ብሎ ከተመለሰ ለስላሳ ነው። ሳይንስ ባይሆንም ሁለት ጫማ ጎን ለጎን ለማወዳደር ይበቃል።

መሃሉ፦ ጠምዝዘው፣ እጠፈው

ከጎማውና ከእግርህ መሃል ያለው ስፖንጅ አብዛኛውን ጊዜ ኢቫ (EVA) የሚባል አረፋ መሰል ፕላስቲክ ነው። ቀላል ነው፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይመቻል። በጊዜ ብዛት ግን ይጠቀጠቃል፤ የተጠቀጠቀ ኢቫ አይመለስም። ሌላው የስፖንጅ ዓይነት ፖሊዩሪቴን ነው። ከበድ ይላል፣ ረጅም ጊዜ ቅርጹን ይይዛል። እሱም ግን አንድ ጠባይ አለው። እርጥበት ቀስ በቀስ ያፈርሰዋል፤ ሳይደረግ ሳጥን ውስጥ ለዓመታት የተቀመጠ ጫማ አንድ ቀን ሲደረግ ሶሉ ፍርፍር ብሎ ሊወድቅ ይችላል። በቅናሽ የሚሸጥ አሮጌ ክምችት ስታይ ይህን አስታውስ።

አሁን ጫማውን በሁለት እጅህ ያዘው። አንዱ እጅ ተረከዙን፣ አንዱ ጫፉን። እንደ እርጥብ ልብስ ለመጭመቅ ሞክር። ጨርሶ እምቢ ካለ ለአለት ነው፣ ለከተማ ይደክምሃል። እንደ ጨርቅ ከተጠመዘዘ ደግሞ ጠጠር በበዛበት መንገድ ላይ ውስጥ እግርህ ሁሉን ነገር ይሰማዋል። የምትፈልገው የሚታገልህ ግን በመጨረሻ ትንሽ የሚሸነፍልህ ነው። ከዚያ ጫፉን ወደ ላይ እጠፈው። መታጠፍ ያለበት ጣቶችህ በሚታጠፉበት ቦታ ነው። መሃሉ ላይ የሚታጠፍ ጫማ ረጅም መንገድ ላይ ውስጥ እግርህን ያሳምምሃል።

ላዩ፦ ቆዳ ወይስ ጨርቅ?

ሱዊድ ወይም ሌላ ቆዳ ድንጋይ ሲፋቀው ይችላል፣ ከጊዜ በኋላም የእግርህን ቅርጽ ይይዛል። ትንሽ ስለሚሰፋ መጀመሪያ ላይ ጠበቅ ቢል አትፍራ፤ ካመመህ ግን ተወው፣ ስፋት ይጨምራል እንጂ ርዝመት አይጨምርም። ድክመቱ ሙቀት ነው። ሲረጥብም ቶሎ አይደርቅም።

የመረብ ጨርቅ ቀላል ነው፣ ይነፍሳል፣ ቶሎ ይደርቃል። ሱቅ ውስጥ የነበረው ልክ ዓመት ቆይቶም ያው ነው፣ ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ልክ መሆን አለበት። አቧራ ግን ያስገባል፤ ደቃቅ አቧራ ያለበት መንገድ ላይ ማታ ካልሲህን ስታወልቅ እግርህ ሌላ ቀለም ይዞ ይጠብቅሃል። የላ ስፖርቲቫ ቲኤክስ 3 እና ቲኤክስ 4 ይህን ልዩነት ለማየት ይመቻሉ። ተቀራራቢ ጫማዎች ናቸው፣ አንዱ ላዩ ጨርቅ፣ ሌላው ቆዳ። ለሞቃት አገርና ለበጋ የመጀመሪያውን፣ ጫማው በድንጋይ ለሚፋቅበት መንገድና ለከተማ አለባበስ ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

ከቁሱ ይልቅ ግን ስፌቱን ቁጠር። ብዙ የተገጣጠመ ጫማ ብዙ የሚፈታ ቦታ አለው። በተለይ ትንሿ ጣት በምትታጠፍበት ጎን ላይ ስፌት ካለ ተጠንቀቅ፤ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚቀደደው እዚያ ነው። ጣት ጋ ያለው የጎማ ከለላ ደግሞ ሙሉ ዙሪያውን የከበበ መሆን የለበትም። ለእግር ጉዞ ጫፉን ቢሸፍን ይበቃል። ከዚያ በላይ ሲሆን ይከብዳል፣ ይሞቃልም።

ውሃ የማያስገባው ያስፈልግሃል?

እኔን ከጠየቅከኝ፣ ብዙ ጊዜ አያስፈልግህም። ጎር-ቴክስና መሰሎቹ ውሃ ከውጭ እንዳይገባ የሚከለክሉ፣ የላብ እንፋሎት ግን የሚያሳልፉ ስስ ሽፋኖች ናቸው። ይሠራሉ። ግን አፕሮች አጭር ጫማ ነው። ውሃው ከቁርጭምጭሚትህ በላይ ከመጣ በአፉ ይገባል፤ ከገባ በኋላ ደግሞ ሽፋኑ መውጫ ይነሳዋል። ተራው የጨርቅ ጫማ እየሄድክ ሲደርቅ ያኛው እስከ ነገ እንደረጠበ ይቆያል። በሞቃት ቀን ከተማ ውስጥም እግርህን ያፍነዋል።

ጠዋት ጠዋት ጤዛ ያለበት ሣር የምታቋርጥ ወይም በዝናብ ወቅት ሥራ የምትመላለስበት ከሆነ ግን ያስፈልግሃል፤ ያኔ ግዛው።

ልኩ፦ እዚህ ጋ አትቸኩል

እስካሁን ያልነው ሁሉ ትክክል ሆኖ ልኩ ከሳተ ጫማው ዋጋ የለውም። ሱቅ ውስጥ አንድ ሰዓት ካጠፋህ አርባ አምስቱን ደቂቃ እዚህ ጋ አጥፋው።

የምትሄደው ከሰዓት በኋላ ይሁን። እግር ቀኑን ሙሉ ሲዋልበት ያብጣል፣ ጉዞ ላይ ደግሞ ይብሳል። ጠዋት ልክ የነበረ ጫማ ማታ ይጠብብሃል። ለጉዞ የምታደርገውን ካልሲ ይዘህ ሂድ። ካልሲው ከሱፍ ወይም ከሰው ሠራሽ ክር ይሁን። የጥጥ ካልሲ ላብ ይዞ ይቀመጥና እግርህን ውሃ ያስቋጥርሃል።

ወረቀት መሬት ላይ አድርገህ ቁም፣ ተረከዝህን ከግድግዳ አስጠጋ፣ ረጅሙ ጣትህ ጋ ምልክት አድርግ። ሁለቱንም እግር ለካ፤ ብዙ ሰው አንዱ ከሌላው ይረዝማል። የምትገዛው ለትልቁ ነው። በአውሮፓ ቁጥር አንድ ቁጥር ማለት 6.67 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ግምቱን ለማግኘት በሴንቲ ሜትር የለካኸው ላይ 1.5 ደምርና በ1.5 አባዛው። እግርህ 26.5 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 42 ይመጣል። ይህ መነሻ እንጂ ፍርድ አይደለም። አንዱ ፋብሪካ 42 የሚለውን ሌላው በ42.5 ይሠራዋል፤ በተለይ አለት ላይ የሚያተኩሩት ጠበቅ አድርገው ይሠራሉ።

ከዚያ የውስጥ ሶሉን አውጣው። መሬት ላይ አድርገህ ቁምበት። ረጅሙ ጣትህ ከፊት 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሊቀረው ይገባል። ትንሿ ጣትህና የአውራ ጣትህ ጎን ከሶሉ ጠርዝ ውጭ ከፈሰሱ ጫማው ይጠብሃል፤ ቁጥር መጨመር አይፈታውም፣ ሰፋ ያለ ቅርጽ ያለው ሌላ ጫማ ነው የሚያስፈልግህ። እግርህ ቀጭን ከሆነ ደግሞ የዚያኑ ጫማ የሴቶች ቅርጽ ሞክር። ብዙ ጊዜ ጠበብ ያለ ነው፤ ቀለሙ ካልጎረበጠህ ማንም አያውቅብህም።

አሁን አድርገው። ተረከዝህን መሬት መታ መታ አድርገህ ወደ ኋላ አስጠጋ፣ ከዚያ ከጣት ጀምረህ እስር። አፕሮች ላይ ማሰሪያው እስከ ጣት የሚወርደው ለጌጥ አይደለም። ከታች ላላ፣ ከላይ ጠበቅ ማድረግ ትችላለህ። ለከተማ ጣት ጋ አላላው፣ አለት ስትደርስ አጥብቀው። አንድ ጫማ ሁለት ልክ ይሰጥሃል ማለት ነው። ይህን ነፃነት የማይሰጥህ፣ ማሰሪያው ከመሃል የሚጀምር ጫማ አፕሮች ተብሎ ቢሸጥም ግማሹን ጥቅሙን ትቶታል።

ሱቁ ውስጥ ደረጃ ወይም ተዳፋት ካለ ወደ ታች ውረድ። በአንድ እግርህ ኃይል ሰጥተህ ርገጥ። ጣቶችህ ከፊት ይጋጫሉ? ከተጋጩ አትግዛው። ሱቅ ውስጥ አንድ ጊዜ የተጋጨ ጣት ቁልቁለት ላይ ሺህ ጊዜ ይጋጫል፤ ጥፍሩ ይጠቁራል፣ ከዚያ ይወልቃል። ወደ ላይ ስትወጣ ደግሞ ተረከዝህን አዳምጥ። ጥቂት ሚሊ ሜትር ብድግ ቢል ችግር የለውም፣ ጫማው ሲለማመድ ይቀንሳል። ከዚያ ካለፈ ይልጥሃል። ከመተውህ በፊት ግን አንድ ዘዴ ሞክር። በየጎኑ ማሰሪያውን ከላይ ባለው የመጨረሻ ቀዳዳ በዚያው ጎን ወደ ውስጥ መልሰህ አስገባና ትንሽ ቀለበት ሥራ፣ ከዚያ ተቃራኒውን ማሰሪያ በቀለበቱ አሳልፈህ ሳበው። ተረከዙ ቁጭ ይላል። በዚህም ካልተስተካከለ ጫማው ያንተ አይደለም።

ከዚያ ዝም ብለህ ተዘዋወር። አሥር፣ አሥራ አምስት ደቂቃ። ሻጩ ቢያይህ ይይህ። «ሲለማመድ ይስተካከላል» ካለህ የቱ እንደሚለማመድ ጠይቀው። ቆዳ ይለሳለሳል፣ እውነት ነው። የጎማ ከለላና የሶል ቅርጽ ግን አይለወጡም። ጣትህን የሚጫነው ጎማው ከሆነ ዓመት ብትጠብቅም ያው ነው።

በኢንተርኔት የምታዝ ከሆነ ሁለት ቁጥር ማዘዝና አንዱን መመለስ ይቻል እንደሆነ አስቀድመህ አረጋግጥ። ሲመጣ ቤት ውስጥ ንጹሕ ወለል ላይ ብቻ ሞክረው። አንድ ጊዜ ውጭ ከረገጥክበት የሚቀበልህ የለም።

ቁርጭምጭሚትህ ያሰጋሃል?

አጭር ጫማ ሲባል ብዙ ሰው ወለምታ ይፈራል። ረጅሙ አንገት ያን ያህል አያድንም። እ.ኤ.አ. በ1993 በታተመ ጥናት የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች ረጅምና አጭር ጫማ ተከፋፍለው ተጫውተው፣ በወለምታ ቁጥር ላይ የጎላ ልዩነት አልተገኘም። ይበልጥ የሚረዳው ሶሉ ሰፊ፣ ከመሬት ብዙ ያልራቀና የማይጠመዘዝ መሆኑ፣ እንዲሁም የራስህ ቁርጭምጭሚት ጥንካሬ ነው። ከዚህ ቀደም የተጎዳ ቁርጭምጭሚት ካለህ ግን መሃል አንገት ያለውን ሞክር፤ ቢያንስ ጠጠር አያስገባም።

ለከተማው በኩል

ለሥራ የምታደርገው ከሆነ ጥቁር ግራጫ፣ ቡናማ ወይም ጠቆር ያለ አረንጓዴ ውሰድ። ሱዊዱ ከጂንስም ከቺኖ ሱሪም ጋር ይሄዳል። ብርቱካናማ ማሰሪያ ካልወደድከው በጥቁር ቀይረው፤ ጫማው ሌላ ጫማ ይመስላል።

ከገዛኸው በኋላ

የመጀመሪያውን ሳምንት ከተማ ውስጥ አድርገው፣ ከዚያ አጭር መንገድ፣ ከዚያ ረጅሙን። ቀላል ጫማ ብዙ መለማመድ አይጠይቅም፣ ግን አዲስ ጫማ አድርጎ ሙሉ ቀን ተራራ መውጣት እግርን መቅጣት ነው።

ሲረጥብ እሳት ዳር አታስቀምጠው። ማስቲሹ በሙቀት ይላቀቃል፣ ቆዳውም ይሰነጠቃል። የውስጥ ሶሉን አውጣ፣ ጋዜጣ ጠቅጥቅበት፣ ጥላ ውስጥ ነፋስ እንዲያገኘው አድርግ። በተከታታይ ቀናት ከማድረግ ይልቅ ከሌላ ጫማ ጋር ብታፈራርቀው ላቡ ይደርቃል፣ ሽታውም ይቀንሳል። ሱዊዱን በደረቅ ብሩሽ ጠርገው እንጂ ቀለም አትቀባው።

ሶሉን በየጊዜው ገልብጠህ እይ። የጫፉ ጎማ ሳስቶ ከሥሩ ያለው ስፖንጅ ከመታየቱ በፊት አዲስ ሶል ማስደረግ ይቻል እንደሆነ ሥራውን ከሚያውቅ ጫማ ሰፊ ጠይቅ። ከታየ በኋላ ሥራው ይከብዳል፣ ብዙ ጊዜም አይቀበሉህም። ጎማው ደህና ሆኖ ሳለ ከጉዞ በኋላ ጉልበትህ ወይም ተረከዝህ ማመም ከጀመረ ደግሞ ያለቀው ስፖንጁ ሊሆን ይችላል። ጎኑን ተመልከት፤ ስፖንጁ ላይ የተኛ፣ የማይለቅ መጨማደድ ካለ ያን ጫማ ለከተማ ብቻ አድርገውና ለተራራው ሌላ ፈልግ።